«ቁጭ በይ ስላት ዝም ብላ ታየኛለች»

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ለገጣፎ ነው። ዳማ የምትባል የ10 ወር ሴት ውሻ አለችን። የአበሻ ውሻ ናት፤ በቡችላነቷ ከጎረቤት ነው ያመጣናት። ቀን ታስራ ትውላለች፤ ማታ እንፈታታለን። ልጆቼ የ11 ዓመት ወንድና የ7 ዓመት ሴት ናቸው። በስልክ ቪዲዮ እያዩ ‹ቁጭ በይ›ና ‹እጅ ስጪ› ሊያስተምሯት ሦስት ሳምንት ለፉ። ጠብ ያለ ነገር የለም። እኔም ‹ቁጭ በይ› ስላት ዝም ብላ ታየኛለች። ዳቦ ካየች ደግሞ ትዘልብናለች። ባለቤቴ ‹የአበሻ ውሻ ለአጥር ነው፣ ትርኢት አይገባውም› ይላል። እውነቱን ነው? ሌላው፣ ጾም ሲሆን ቤት ውስጥ ሥጋ የለም። በምን እናባብላት? ደግሞ ሌሊት ጅብ ሲመጣ እየጮኸች አላስተኛ አለችን። ዝም እንድትል ማስተማር ይቻላል?»

ምላሽ፦ ከባለቤትዎ ልጀምር። ውሻ ማሠልጠን ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ «የአበሻ ውሻ አይገባውም» ሲባል ያልሰማሁበት ግቢ የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ለሚሉኝ ሰዎች አንድ ነገር አስታውሳቸዋለሁ። መንገድ ላይ የማያውቃችሁ ውሻ ሲመጣ ጎንበስ ብትሉ ምን ይሆናል? ድንጋይ ሳታነሱ፣ ጎንበስ ብቻ። ውሻው ጭራውን እግሩ መሃል ወሽቆ ይፈተለካል። ይሄን ማን አስተማረው? አሠልጣኝ ተቀጥሮለት ነው? ድሮ አንዴ ወይ ሁለቴ ድንጋይ ቀምሷል፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ የሰው ወገብ ሲታጠፍ ምን እንደሚከተል ያውቃል። ድንጋዩ እጃችን ሳይገባ እሱ ጥጉን ይዟል። እንዲህ ፈጥኖ የሚማር እንስሳ ነው እንግዲህ «አይገባውም» የሚባለው።

የዳማም ችግር ከዚሁ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ልጆችዎ በቪዲዮ ያዩት ሰው ውሻው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ከጭንቅላቱ በላይ አድርጎ ይሆናል የሚያስተምረው። ያ ውሻ ሳሎን ውስጥ ያደገ ነው። እጅ ለእሱ ምግብ ነው፣ መዳበስ ነው። ለእኛ ሰፈር ውሻ ከላይ የሚወርድ እጅ ሌላ ትርጉም አለው። ዳማን እናንተ ባትመቷት እንኳ በአጥሩ ሥር አሾልካ የምታየው ዓለም፣ በመንገድ የሚያልፈው ልጅ ሁሉ ይሄን አስተምሯታል። ስለዚህ ፊት ለፊቷ ቆማችሁ አትጎንበሱባት። ቁጢጥ በሉ። ትንሽ ወደ ጎን ዞር በሉ። ምግቡን የያዘው እጅ ከታች፣ ከአገጯ በኩል ይምጣ። ይሄን ብቻ አስተካክለው ሥራቸው የቀና ቤተሰቦች አውቃለሁ።

በነገራችን ላይ እኔም ይሄን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሥራውን የጀመርኩት የጥበቃ ውሻ በሚያሠለጥን አንድ ቦታ ነበር። እዚያ ትምህርት ማለት አንገት ላይ ያለውን ሰንሰለት መንጨትና መጮህ ነበር። ውሾቹ ይቀመጡ ነበር፤ አይካድም። አንዱ ግን እጄን ባነሳሁ ቁጥር እየሸናም ይቀመጥ ነበር። ለረጅም ጊዜ እንደ ጥሩ ውጤት ቆጥሬዋለሁ። አሁን ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

አሁን እናንተ ቤት የሆነውን ልገምት። ከተሳሳትኩ እታረማለሁ። ልጁ «ቁጭ በይ» ይላል። ዳማ ታየዋለች። ይደግመዋል፤ ይጮኻል። ከአሥረኛው በኋላ ደክሟት ይሁን በአጋጣሚ ቁጭ ትላለች። ልጁ ደስታው ያጥለቀልቀውና «እማዬ! ተቀመጠች!» ብሎ ዳቦ ሊያመጣ ወደ ማዕድ ቤት ይሮጣል። ዳማም ተነስታ ትከተለዋለች። ዳቦውን ይዞ ሲወጣ ትዘልበታለች። ያኔ ይሰጣታል።

ታዲያ ዳማ ምን ተማረች? መዝለል። ዳቦው የተሰጣት ስትዘል ነዋ! መቀመጧን ረስታዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። የለመደች ጦጣ ሁሌ ሽምጠጣ የሚባለው እንዲሁ ለወቀሳ አይደለም፤ የእንስሳ ትምህርት ሕጉ ራሱ ነው። የጠቀማትን ትደግማለች። ጥያቄው የጠቀማት የቱ ነው የሚለው ነው። ለውሻ ደግሞ የጠቀማት ምግቡ ሲመጣ እያደረገች የነበረው ነገር ነው። ከአንድ ሰከንድ በላይ ካለፈ የሸለማችሁት ሌላ ነገር ነው።

ችግሩ አንድ ሰከንድ ውስጥ ምግብ ማቀበል ለሰው ይከብዳል። ለዚህ መላ አለው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ውሾች ላይ የምግብ መፈጨትን ያጠና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚያ ሥራው ነው። ውሾቹ ግን ምግቡ አፋቸው ሳይገባ፣ ገና ምግብ አቅራቢው ሲመጣ ምራቃቸው መውረድ ጀመረ። እሱም ይሄን ነገር ያዘና ቀሪ ዕድሜውን አጠናው። ምግብን በተደጋጋሚ የሚቀድም ምልክት ለውሻው እንደ ምግቡ ይቆጠራል። ዳማ የባለቤትዎን መኪና ወይም ባጃጅ ድምፅ ከሩቅ ለይታ በር ላይ ትጠብቅ የለ? እሱው ነው።

እኛም አንድ ምልክት እንሠራለን። የእኔ ቃል «ጎሽ» ነው። አጭር ናት፣ መጨረሻዋ ላይ «ሽ» አለባት፣ ማንም ሰው አፉ ውስጥ አለች። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ይሄ ብቻ ነው። ምንም አትዘዟት። «ጎሽ» ይበሉና ወዲያው አንድ ቁራሽ ይስጧት። «ጎሽ»፣ ቁራሽ። «ጎሽ»፣ ቁራሽ። አሥራ አምስት ጊዜ ያህል። ማታ ይድገሙት። ሌላ ቦታ እያየች ሳለ «ጎሽ» ሲሉ ጭንቅላቷን ቀልበስ አድርጋ እጅዎን ካየች ገብቷታል። ከዚህ በኋላ ዳቦው ኪስዎ ውስጥ ቢሆንም ችግር የለም፤ «ጎሽ» የምትለው ቃል ትክክለኛዋን ቅጽበት ትይዝልዎታለች። ምግቡ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ይቅር ትላለች። ግን ቃሏን ካሏት ምግቡ የግድ ይመጣል። በባዶ «ጎሽ» ማታለል የለም።

ለልጆቹ ይሄን በጨዋታ ያስተምሯቸው። አንደኛው ኳስ ወደ ላይ ይወርውር፤ ሌላዋ ኳሷ መሬት ስትነካ «ጎሽ» ትበል። መጀመሪያ ይዘገያሉ። ግማሽ ሰዓት ሲጫወቱ ይስተካከላሉ። ውሻዋ ላይ ከመለማመዳቸው በፊት ኳሷ ላይ ቢለማመዱ ዳማ ትመርቅዎታለች።

ወደ ቃላት እንለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አማርኛ ለውሻ አይመችም። እርስዎ «ነይ» ይላሉ። ባለቤትዎ፣ እንደ አብዛኛው አባወራ፣ ለውሻ ሁሉ «ና» የሚሉ ይመስለኛል። ወንዱ ልጅ ከቪዲዮው «ካም» ለምዷል። ለአንድ ነገር ሦስት ቃል። በዚያ ላይ «ነይ» የሚለውን ትንሿ ልጅዎ በቀን ሃምሳ ጊዜ ትጠራበታለች። ዳማ ይሄን ቃል ሰምታ ዝም ብትል ትክክል ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ የተጠራችው እሷ አይደለችም።

«ቁጭ በይ»ም እንደዚያው። «ዝም በይ»፣ «ዘወር በይ»፣ «ቁጭ በይ»፣ «ቀስ በይ»። እኛ ልዩነቱን የምንሰማው ቋንቋው ስለገባን ነው። ለእሷ ሁሉም በ«በይ» የሚያልቅ ጫጫታ ነው። «ተኚ» እና «ተይ» ደግሞ አንዱ ጋደም እንድትል ነው፣ አንዱ እንድታቆም። በቁጣ ሲነገሩ እኔም አልለያቸውም።

ስለዚህ «በይ»ን ቆርጠን እንጥላለን። «ቁጭ»። «ጋደም»። «እጅ»። «ዙር»። «ቦታ»። ሌላ የለም። ሴት ወንድ የሚለውም አብሮ ይቀርልናል። ወረቀት ላይ ጽፈው ማዕድ ቤት በር ላይ ይለጥፉት፤ የሚመጣ ዘመድም ቢሆን ከዚያ ያንብብ። ለመጥራት ደግሞ ስሟን ሁለቴ ደጋግማችሁ፣ ድምፃችሁን ቀጠን አድርጋችሁ፦ «ዳማ-ዳማ!» ስትቆጧት በስሟ አትቆጧት።

ፊሽካ የሚመክሩ አሉ። እኔም እመክር ነበር። አያት አካባቢ አንድ ደንበኛዬ ውሻውን በፊሽካ አለማመደ፤ ግሩም ሆነ። ችግሩ የሰፈሩ ጥበቃዎች ሌሊት ፊሽካ ይነፋሉ። ምስኪኑ ውሻ ጥበቃው በነፋ ቁጥር የማዕድ ቤት በር ላይ እየሄደ ቁጭ ብሎ ዳቦውን ሲጠብቅ ያድር ጀመር።

ምግቡን በተመለከተ፦ ጾም ችግር አይደለም። ደረቅ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ካሮት፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ሽምብራ፤ ሁሉም ይሠራል። ስኳርም ጨውም ሌላ ማጣፈጫም ያልገባበት የለውዝ ቅቤ ካለ ዳቦውን ጫፉን ቀባ ማድረግ ነው፤ ትበርራለች። መጠኑ የሽምብራ ፍሬ ያህል ይሁን። ሰው ትልቅ ሲሰጥ ደግ የሆነ ይመስለዋል፤ ውሻዋ ግን አኝካ እስክትጨርስ የምትሠራውን ትረሳለች፣ ቶሎም ትጠግባለች። የቁጥር እንጂ የመጠን ነገር አይደለም። ልምምዱም ከምግቧ ሰዓት በፊት ይሁን።

የወጥ ፍርፋሪ ግን አይሆንም። ወጣችን ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። «ስንት ዘመን ስትበላ ኖራለች» ይባላል፤ ትንሽ በትንሹ ስለሚሆን ወዲያው አይታይም። ዘቢብና ቸኮሌት በጭራሽ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ፍስክ ሲሆን ከሥጋ ቤት ሳንባ በርካሽ ይገኛል፤ ለሥልጠና ከእሱ የሚሻል አላየሁም። ግን ጥሬውን አይስጡ። በጎችና ከብቶች ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚሠራ ትል አለ። ውሻ ጥሬውን ስትበላ አንጀቷ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በእዳሪዋ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ልጆች እጅ። በዓል ሲታረድ ለውሻ የምንወረውረው ነገር መዘዙ ይሄ ነው። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀቅሉት፣ በደቃቁ ይክተፉት፣ ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ድስቱን ለብቻ ይለዩላት።

ከመጀመራችሁ በፊት ፍቷት። ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው ግን ውሻው ሰንሰለት ላይ እያለ ነው የሚያስተምረው። ቀኑን ሙሉ ታስራ የዋለች ውሻ ጆሮ የላትም። ሩብ ሰዓት ትሩጥ፣ ትሽና፣ አጥሩን ዙራ ታሽትት። ከዚያ ቤቱ ጓሮ፣ በሩና መንገዱ በማይታይበት ጥግ ይውሰዷት። ሦስት ደቂቃ ብቻ። በቀን ሁለቴ። ሲያምራት ማቆም ነው። ልጆች ይሄን አይወዱትም፤ ሰዓት ይያዙላቸው።

ስለ መፍታት ካነሳን ሌላ ነገር አለ። ጠዋት ዳማን ለማሰር ስትጠሯት ትመጣለች? ካልመጣች አይፍረዱባት። «ነይ» ማለት ሰንሰለት ማለት ሆኖባታል። በዚያ ላይ አንድ ቀን ዘግይታ ስትመጣ በቁጣ ወይም በዱላ የተቀበላት ካለ፣ መምጣት ራሱ ጥፋት ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ነው አዲስ መጠሪያ የሰጠኋችሁ። በቀን አሥር ጊዜ «ዳማ-ዳማ!» ይበሉ፤ ዘጠኙን ቁራሽ ሰጥተው ይልቀቋት። አሥረኛዋ ላይ ይሰሯት፤ ያንንም አጉርሰው። የቱ ሰንሰለት እንደሆነ፣ የቱ ዳቦ ብቻ እንደሆነ ስለማታውቅ ሁሉንም ትመጣለች። ማሰሩን ራሱ ብትቀንሱት ደግሞ ደስ ይለኛል። አጥር ያለው ግቢ ውስጥ ውሻ ቀኑን ሙሉ የምትታሰርበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እንግዳ ላይ እንዳትዘል ነው። እሱንም እንፈታዋለን፤ ይቆዩኝ።

«ቁጭ»ን እንሥራ። ቁራሿን በሦስት ጣት ይያዙ። ወደ አፍንጫዋ ያስጠጉ፤ ግን አይስጡ። ከዚያ በቀስታ ወደ ላይና ትንሽ ወደ ኋላ፣ በሁለት ዓይኖቿ መሃል ወደ ጆሮዋ ይውሰዱት። አፍንጫዋ ሲከተል ጭንቅላቷ ይነሳል፤ ጭንቅላቷ ሲነሳ ቂጧ ይወርዳል። የሰውነቷ አሠራር ነው። እጅዎ በጣም ከፍ ካለ ትዘላለች፤ በጣም ወደ ኋላ ከሄደ ወደ ኋላ ትራመዳለች። ወደ ኋላ ካስቸገረች ከኋላዋ ግድግዳ እንዲኖር ያድርጉ። ቂጧ መሬት ሲነካ «ጎሽ»። ስጡ። አትጫኗት። ቂጧን በእጅ ወደ ታች መጫን የድሮ ልማድ ነው፤ ውሻ ስትጫን ትገፋለች እንጂ አትማርም።

እስካሁን ግን «ቁጭ» የሚለውን ቃል አላልንም። ልብ በሉ። ይሄ ነው ሦስቱን ሳምንት የበላባችሁ። ሰው ቃሉን ያስቀድማል፤ ውሻዋ ግን ቃሉ ከምን ጋር እንደሚሄድ አታውቅም። ገና የማታውቀውን ሥራ በስሙ መጥራት ምን ይጠቅማል? ሃያ ጊዜ «ቁጭ በይ» ተብላ ሃያ ጊዜ ቆማ ካየችዎ፣ «ቁጭ በይ» ማለት «ቆመሽ እይኝ» ማለት ነው። በትክክል እየታዘዘችዎት ነበር። ለእሷ አሮጌው «ቁጭ በይ» ተበላሽቷል፤ አጭሩ «ቁጭ» ግን በድምፁም በአባባሉም የተለየ ስለሆነ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥራው፣ ከዚያ ስሙ። ምግብ በያዘ እጅ አምስት ስድስት ጊዜ ስትቀመጥ፣ በሚቀጥለው እጅዎ ባዶ ይሁን፤ እንቅስቃሴው ያው። ስትቀመጥ «ጎሽ»፣ ቁራሹ ከሌላው እጅ ይምጣ። አለዚያ ዳቦ ካላየች የማትሠራ ውሻ ታገኛላችሁ። ባዶ እጅዎን አይታ ያለማመንታት መቀመጥ ስትጀምር ነው ቃሉ የሚገባው። «ቁጭ» ይበሉ፤ አንድ ሰከንድ ይጠብቁ፤ ከዚያ እጅዎን ያንቀሳቅሱ። ቃሉና እጁ አብረው አይሂዱ፤ አብረው ከሄዱ ውሻ እጁን ብቻ ታያለች፤ ከጆሮ ይልቅ ዓይን ይቀላታል። ጥቂት ቀን ሲደጋገም እጁ ሳይመጣ ቂጧ ይወርዳል። ያኔ ልጆቹ ጩኸታቸውን ይልቀቁት፤ ፈቅጃለሁ።

አንዴ ብቻ ይበሉ። «ቁጭ፣ ቁጭ፣ ቁጭ፣ ዳማ ቁጭ!» አይሆንም። አራተኛው ላይ ከተቀመጠች ትእዛዙ አራት ጊዜ መባል ያለበት ይመስላታል።

ዝላዩ አሁን ቀላል ነው። ዳቦ ይዘው ሲወጡ ከዘለለች እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ጀርባዎን ይስጧት። አይጩኹ፣ በጉልበት አይግፏት፤ መግፋት ለእሷ ጨዋታ ነው። አራቱም እግሯ መሬት ሲነካ «ጎሽ»። ሁሉም የቤት ሰው እንዲህ ማድረግ አለበት። አንድ አጎት መጥቶ «ተዪአት፣ ደስ ብሏት ነው» እያለ ከዳበሳት የሳምንት ልፋት ገደል ገባ።

«እጅ» ልጆቹ የሚጓጉለት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ይቀላል። ቁጭ እንዳለች ቁራሽ በጭብጥዎ ይያዙና ከጉልበቷ ዝቅ አድርገው ይዘርጉላት። ታሸታለች፣ ትልሳለች፣ ታኝካለች። ዝም ይበሉ። አልሆን ሲላት በእግሯ ትቧጭረዋለች፤ አፈር ስትቆፍር እንደምታደርገው። እግሯ እጅዎን ሲነካ «ጎሽ»፣ ጭብጥዎን ይክፈቱ። ከዚያ እንደ «ቁጭ» ነው፦ ባዶ እጅ፣ የተከፈተ መዳፍ፣ በመጨረሻ ቃሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ይሄን ትርኢት ክረምት ላይ አታስተምሩ። ሰበታ አንድ ቤት በሐምሌ አስተማርኩ። የግቢው ጭቃ ቦት ጫማ ያወልቃል። ውሻው እጅ መስጠት ዳቦ እንደሚያስገኝ ስለገባው ለሁሉም ያድል ጀመር። እሁድ ጠዋት የቤቱ አያት ከቤተ ክርስቲያን በነጭ ነጠላ ሲመለሱ በር ላይ ተቀብሎ፣ ሳይጠየቅ፣ ሁለቱንም እጅ ሰጣቸው። ለእኔ የተረፈኝን እርግማን አልነግራችሁም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፦ ሳይጠየቅ ሲሰጥ ቤተሰቡ እየሳቁ ያጎርሱት እንደነበር እያየሁ ዝም ብያለሁ። ደንቡ ይህ ይሁን፦ ካልተጠየቀች አትሸለምም፤ ልብ በሚበላ ዓይን ብታይም።

«ጋደም» ከ«ቁጭ» ይቀጥላል፤ ቁራሿን ከአፍንጫዋ ወደ ፊት እግሮቿ መሃል፣ ከዚያ በመሬቱ ላይ ወደ እርስዎ መሳብ ነው። «ዙር» ደግሞ ቁራሿን በክብ ማዞር፤ በአንድ ቀን ይገባታል። እነዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ጊዜ የሚገባው «ቦታ» ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ አስተምር ብባል ይሄን እመርጣለሁ። ባዶ ማዳበሪያ ወይም አሮጌ ምንጣፍ ከደጃፉ ራቅ ብሎ ያንጥፉ። አንድ እግሯ ሲነካው «ጎሽ»፤ ቁራሹን ማዳበሪያው ላይ ይጣሉላት። ከዚያ ሁለት እግር ይጠብቁ፣ ከዚያ አራቱንም፣ ከዚያ ጋደም እስክትል። ቆይታውን በሰከንድ ያስረዝሙ፦ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር። ከዚያ አንዱ ልጅ የግቢውን በር ያንኳኳ። ያን ጊዜ ሁሉን ረስታ ትሮጣለች። ግድ የለም፤ ወደ ሁለት ሰከንድ ተመልሰው እንደገና። በሩ ሲንኳኳ ወደ ማዳበሪያው የምትሄድ ውሻ እንግዳ ሲመጣ መታሰር የለባትም። ቡናም ተፈልቶ ረከቦቱ መሬት ላይ ሲሆን ሲኒ አትገለብጥም። ይቆዩኝ ያልኩት ይሄን ነበር።

ልጆቹ ሲያሠለጥኑ አንድ አዋቂ አጠገባቸው ይሁን። ቁራሹን በጣት ጫፍ ሳይሆን በተዘረጋ መዳፍ ይስጡ፤ የትንሿ ልጅ ጣቶች ከድንች አይለዩም። ከሁሉ በፊት ግን፦ ዳማ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዳለች? በጥያቄዎ ውስጥ ስላላየሁት ነው። ክትባቱ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ ከዚያ ሐኪሙ በሚነግርዎ ጊዜ ይደገማል። ካልወሰደች ሥልጠናው ይቆይና ነገ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዷት። ውሻ፣ የራሳችሁም ሆነች የመንገድ፣ ልጅ ከነከሰች ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን የማይቻል ያህል ነው፤ ስለዚህ «ትንሽ ጭረት ናት» ተብሎ አይታለፍም።

በዚህ ዕድሜዋ ሌላም ነገር ሊያጋጥማችሁ ይችላል። አንድ ቀን ወንድ ውሾች አጥሩን ከብበው ታገኛላችሁ። ያ ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ያወቀችውን ሁሉ የረሳች ትመስላለች። አልረሳችም፤ ልቧ የለም። ሥልጠናውን ያቁሙ፣ በሩን ይዝጉ፤ ሲያልፍ ከ«ቁጭ» ይጀምሩ።

እስከ መቼ ነው ዳቦ ይዘን የምንዞረው ለሚለው፦ ነገሩን በደንብ ካወቀች በኋላ ሁልጊዜ አይስጡ። አንዴ ይስጡ፣ ሁለቴ ይዝለሉ፣ እንደገና ይስጡ፣ አምስት ይዝለሉ፣ ድንገት ሦስት ቁራሽ በአንዴ። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ለምን እንደማይሰለቸው ያውቃሉ፤ በየሳምንቱ ቢደርሰውማ ደመወዝ ይሆን ነበር። ጨርሶ ማቆም ግን የለም። በነጻ የሚሠራ ማን አለ?

የመጨረሻው የጅብ ነገር። እዚህ ላይ አላግዝዎትም። «ቦታ»ን አስተምሬ በሩ ሲንኳኳ ዝም እንድትል አደርጋለሁ፤ ለጅብ ዝም እንድትል ግን አላስተምርም። ጎረቤቶችዎም ዶሮና በግ ካላቸው አይወዱልኝም። ይልቅ ስትጮህ ወጥታችሁ ባትሪ አብሩ፣ ወደ ቤቷ ጥሯት። ብዙ ውሻ ሰው መጥቶ ካየላት ጩኸቷ ያጥራል። የእኔ ስጋት እሷ ናት፤ ማታ ተፈታ የምታድር የ10 ወር ውሻ ለጅብ ከባድ አይደለችም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለው ለገጣፎ ላይ ተረት ብቻ እንዳይመስልዎ። ነገ በቀን የቆርቆሮውን አጥር ሥር ዙረው ይዩት። ዳማ የቆፈረችው ጉድጓድ አንድ ቦታ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ወይም ቆሻሻው ባለበት በኩል ነው። በድንጋይና በሲሚንቶ ይድፈኑት። ድንጋዩን ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ደግሞ ዳማ እንዳታይዎት።